"ሻሽ አውልቁ" የሚለው ደንብ የት ተጻፈ? ስለ ጉርድ ፎቶ ማወቅ ያለብን

ባለፈው ዓመት አያቴ ጎንደር ለመሄድ ተነሡ። "የእህቴን መቃብር ሳላይ አልሞትም" ብለው ቆርጠው ነበር። ለቪዛ ማመልከቻው ፎቶ ስለሚያስፈልግ እኔ ይዣቸው ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ወጣት ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። አያቴን ወንበር ላይ ካስቀመጠ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ በዕብራይስጥ "ሻሹን እንድታወልቅ ንገሪያት፤ ደንብ ነው" አለኝ።

እኔም ነገርኳቸው። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ ተረጎምኩ እንጂ አልጠየቅኩም። አያቴ ካገቡ ጀምሮ ከቤተሰብ ውጪ ፀጉራቸውን ያየ ሰው የለም። ተራ የሚጠብቁ አራት ሰዎች ባሉበት ሻሻቸውን ፈተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ፎቶው ተነሣ፤ መልሰው አሰሩት። ወደ ቤት ስንመለስ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ሕጉ ከሆነ ምን ይደረጋል፣ ልጄ።"

ማታ ቁጭ ብዬ ያንን ሕግ መፈለግ ጀመርኩ። ለማስተርስ ሥራዬ ደንብና መመሪያ ማንበብ ልማዴ ስለሆነ ብዙም አልከበደኝም። ሻሽ ማውለቅ ግዴታ ነው የሚል ግን አላገኘሁም። ያገኘሁት ነገር ወደ ተቃራኒው ያደላል።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። እዚህ ተወልደን ያደግን ልጆች ብዙዎቻችን ከትንሽነታችን ጀምሮ የወላጆቻችንና የአያቶቻችን የቢሮ አስተርጓሚ ነን። ደንቡን ካላወቅነው የአንድን ሰው ግምት ሕግ አድርገን እንተረጉመዋለን፤ የሚሸማቀቁት ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ደንብ ምን እንደሚል፣ ለምን እንደዚያ እንደሚል፣ የማይለውስ ምን እንደሆነ በተራ እንየው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉርድ ፎቶ ከየት መጣ?

"ጉርድ ፎቶ" የሚለውን ቃል ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። መጉረድ ማለት መቁረጥ፣ ማሳጠር ነው፤ ጉርድ ቀሚስ እንደምንለው። ጉርድ ፎቶ እንግዲህ ከደረት በላይ ብቻ የሚያሳይ፣ ከታች የተቆረጠ ፎቶ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ትምህርት ቤት ለመመዝገብም ሆነ ሥራ ለመቀጠር "ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘህ ና" ይባላል፤ የተለመደው መጠን 3 በ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። እኛ እዚህ የምናውቀው "ትሙናት ፓስፖርት" በሚለው ስም ነው።

በሰነድ ላይ ፎቶ መለጠፍ ያን ያህል የቆየ ነገር አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በብዙ አገር ፓስፖርት ላይ የነበረው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ግንባር ሰፊ፣ አፍንጫ መካከለኛ፣ አገጭ ክብ እየተባለ የሰውየው መልክ ይጻፋል። ጦርነቱ ሲጀመር ይህ እንደማይበቃ ታየ። በ1914 አንድ የጀርመን ሰላይ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዞ ብሪታንያ ከገባ በኋላ ተይዞ ተገደለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አሜሪካ፣ በ1915 ደግሞ ብሪታንያ የፓስፖርት ፎቶን ግዴታ አደረጉ። መጀመሪያ ላይ ግን ስለ አለባበስና ስለ አቀማመጥ የሚጨነቅ አልነበረም። ኮፍያ አድርገው ወይም ልጆቻቸውን አቅፈው የተነሡ ሰዎች የሚታዩባቸው ፓስፖርቶች ዛሬም ይገኛሉ።

ፊት ለፊት ማየት፣ አለመሳቅ፣ ርቀቱና ብርሃኑ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን የሚባለው ልማድ የመጣው ከፖሊስ ጣቢያ ነው። በ1880ዎቹ በፓሪስ ፖሊስ ውስጥ ይሠራ የነበረው አልፎንስ በርቲዮን የታሰሩ ሰዎችን አንድ ከፊት፣ አንድ ከጎን፣ በተመሳሳይ ርቀትና ብርሃን ፎቶ የማንሣት ሥርዓት ዘረጋ። ጉርድ ፎቶ ላይ ሁላችንም ተከሳሽ የምንመስለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ደንቡ ምን ይላል?

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለፓስፖርት ፎቶ መነሻ የሚሆነው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ያወጣው ሰነድ 9303 ነው። ኢካኦ የተባበሩት መንግሥታት ተቋም ሲሆን መቀመጫው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው። በ2002 በርሊን ላይ በወጣ የውሳኔ ሐሳብ በሁሉም አገር የሚሠራ ዋና መለያ ሆኖ የተመረጠው ፊት ነው። ምክንያቱም ፎቶ መነሣት ሁሉም ሰው የለመደው ነገር ነው፤ ሰውን መንካት አያስፈልግም፤ ማሽኑ ቢበላሽ እንኳን የድንበር ሠራተኛው በዓይኑ ማመሳከር ይችላል።

ስለዚህ የዛሬ ጉርድ ፎቶ ሁለት አንባቢ አለው፤ ሰው እና ኮምፒውተር። ኮምፒውተሩ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ የት እንዳሉ ፈልጎ ፊትን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ከዚያ ያንን ቁጥር ካሜራው ፊት ከቆመው ሰው ጋር ያስተያያል። ከዚህ በታች ያሉት ደንቦች አብዛኞቹ ይህን ሥራ ለማቃለል የወጡ ናቸው።

መጠን፦ በኢካኦ አሠራር ከአገጭ እስከ አናት ያለው የፎቶውን ቁመት ከ70 እስከ 80 በመቶ ይይዛል። ፎቶው 35 በ 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፊቱ ከ32 እስከ 36 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። አሜሪካ ግን የምትጠይቀው 5 በ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጭንቅላቱ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ስለዚህ ለአንዱ አገር የተነሣችሁትን ፎቶ ለሌላው አትላኩ።

ገጽታ፦ ፊት ዘና ያለ፣ አፍ የተዘጋ፣ ዓይን የተከፈተ፣ አያያዝ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ስንስቅ ጉንጫችን ይነሣል፣ ዓይናችን ይጠባል፣ አፋችን ይሰፋል፤ ኮምፒውተሩ የሚለካቸው ነገሮች ይቀያየራሉ። የሚገርመው ይህ ደንብ የሚከብደው ለእኛ ነው። አያቶቻችን ድሮም ፎቶ ሲነሡ አይስቁም፤ ቀጥ ብለው፣ ኮስተር ብለው ነው የሚነሡት። በዚህ በኩል አያቴ ኢካኦን የቀደሙ ናቸው።

መነጽር፦ ጥቁር መነጽር የትም አይፈቀድም። የማየት መነጽርንም ቢሆን አሜሪካ ከኖቬምበር 1 ቀን 2016 ጀምሮ ለቪዛና ለፓስፖርት ፎቶ ከልክላለች፤ በነጸብራቅና በጥላ ምክንያት ብዙ ፎቶ ይመለስ ነበርና።

ጀርባና ብርሃን፦ ከኋላ ያለው ግድግዳ ምንም የሌለበት፣ ፈዛዛ ቀለም ያለው ይሁን። ፊት ላይም ሆነ ግድግዳው ላይ ጥላ አይፈቀድም። የቆዳ ቀለም እንዳለ መታየት አለበት። ይህን የመጨረሻ ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጊዜና ማስዋብ፦ ፎቶው ከስድስት ወር ያልበለጠ ይሁን። ፊልተር፣ ፊት ማቅጠን፣ ቆዳ ማንጣት፣ ጠባሳ ማጥፋት አይቻልም።

ሻሽ፣ ጥምጣም፣ ንቅሳት

አሁን ወደ አያቴ ነገር ልመለስ። ሰነድ 9303 ራስ መሸፈኛ አይፈቀድም ካለ በኋላ ወዲያው ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ፎቶውን የሚቀበለው አገር በሃይማኖት፣ በሕክምና ወይም በባህል ምክንያት ሊፈቅድ ይችላል ይላል። አብዛኞቹ አገሮች የሃይማኖቱን ይፈቅዳሉ። አሜሪካ በየቀኑ ለሃይማኖት የሚደረግ መሸፈኛን ትቀበላለች። እዚህ እስራኤልም ለመታወቂያና ለፓስፖርት ለሃይማኖት ተብሎ የሚደረግ መሸፈኛ ይፈቀዳል። በየትም ቢሆን የሚጠየቀው ፊት ሙሉ በሙሉ እንዲታይ ነው፤ ከአገጭ እስከ ግንባር፣ ከቀኝ ጉንጭ እስከ ግራ ጉንጭ፣ ጥላ ሳይወድቅበት።

ከዚህ የምንረዳው ደንቡ የሚፈልገው ፊትን እንጂ ፀጉርን እንዳልሆነ ነው። የአያቴ ሻሽ ግንባራቸው ላይ ትንሽ ወረድ ብሎ ነበር። ማለት የነበረበት "ሻሹን ወደ ኋላ ሸሸት ያድርጉት" ነው። በሁለት ጣት የሚያልቅ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሚትፓሐት ያሰረች የየሩሳሌም ሴት ብትሆን ኖሮ "አውልቂ" ይላት ነበር? አይመስለኝም። ሚትፓሐትን የሚያየው እንደ ሃይማኖት ነው፤ ሻሽን ግን እንደ አገር ቤት ልብስ፣ እንደ ጌጥ አይቶታል። ያገባች ሴት ራሷን መሸፈኗ በእኛም ዘንድ የእምነትና የክብር ነገር እንደሆነ የነገረው ሰው የለም። እኔም እዚያው ቆሜ አልነገርኩትም። የቄሶቻችን ነጭ ጥምጣምም እንዲሁ ነው። ኪፓ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጥምጣም ምን እንደሆነ ያውቃል ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ንቅሳትም አለ። ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ብዙ እናቶች ግንባራቸው፣ አገጫቸው ወይም አንገታቸው ላይ ንቅሳት አላቸው። እዚህ ከመጡ በኋላ ያፈሩበት፣ በሌዘር ያስጠፉትም አሉ። አንዳንድ ፎቶ አንሺ ውለታ የሠራ መስሎት ንቅሳቱን በኮምፒውተር ያጠፋዋል። ይህ ስሕተት ነው። ቋሚ ምልክት የፊት አካል ስለሆነ ፎቶው ላይ መታየት አለበት፤ ከጠፋ ፎቶው ሰውዬዋን አይመስልም። ፎቶውን ስትቀበሉ ይህን አይታችሁ ተቀበሉ።

ሌላ ትንሽ የምትመስል ነገር፤ ነጠላ። እናቶቻችን ለፎቶ ሲነሡ አምረው መታየት ስለሚፈልጉ ነጭ ነጠላ ይለብሳሉ። ግድግዳው ነጭ፣ ነጠላው ነጭ ይሆንና ትከሻቸው ይጠፋል፤ ጭንቅላት ብቻ በአየር ላይ የቀረ ይመስላል። የሚከለክል ሕግ የለም፤ ግን ቀለም ያለው ልብስ ቢለብሱ ፎቶው በቶሎ ያልፋል። ነጠላውን ለመመለሻ ይያዙት።

አፍሮና ሹሩባ

ይህ ደግሞ የእኛ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለመታወቂያ ፎቶ ስነሣ ፀጉሬ ትልቅ አፍሮ ነበር። የሚያነሣው ሰው "ከፍሬሙ ይወጣል፤ እሰሪው" አለኝና በተዋስኩት ላስቲክ አሰርኩት። አራት ዓመት ሙሉ እኔን የማይመስል መታወቂያ ይዤ ዞርኩ።

በኋላ ሳነብ ያወቅኩት፣ በመለኪያው "አናት" የሚባለው የፀጉር ጫፍ አይደለም። ፀጉር ሳይቆጠር የራስ ቅሉ ከፍተኛው ቦታ ነው። ማለትም አፍሮ ያላትም፣ የተላጨም ልኬታቸው አንድ ዓይነት ነው። ፀጉራችሁ ከላይ ትንሽ ቢቆረጥ እንኳን ፊታችሁ በትክክለኛው መጠን እስካለ ድረስ ከልኬቱ አልወጣችሁም። የሚጠየቀው ፀጉር ዓይንን እንዳይሸፍንና የፊት ዳር እንዲታይ ብቻ ነው። ሹሩባም፣ ድሬድም፣ አፍሮም ይቻላል። በየቀኑ እንደምትሆኑት ሆናችሁ ብትነሡ ለደንቡም ይሻላል፤ የሚፈለገው እናንተን መምሰሉ ነውና።

ቆዳና ብርሃን

"የቆዳ ቀለም እንዳለ መታየት አለበት" የሚለውን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ደንቡ እንዲህ ቢልም ብዙዎቻችን መታወቂያ ላይ የምናገኘው ጥቁር ጥላ ነው። ለምን?

የመጀመሪያው ምክንያት ቀላል ነው። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ ሲመጥን ከኋላ ያለውን ነጭ ግድግዳ አይቶ "ብርሃን በዝቷል" ይልና ይቀንሳል። ግድግዳው ይስተካከላል፤ ጠቆር ያለ ፊት ግን ይጨልማል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ብርሃኑን በግድግዳው ሳይሆን በፊቱ መመጠን፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት መብራት መጠቀም። ጥሩ ፎቶ አንሺ ይህን ያውቃል፤ የማያውቀውን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ታሪክ ነው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ቀለም ለማስተካከል ለላቦራቶሪዎች የሚልከው ናሙና ካርድ ነበር፤ "የሸርሊ ካርድ" ይባላል። ካርዱ ላይ ያለችው ለረጅም ዓመታት ነጭ ሴት ነበረች። የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ትክክል ነው ይባላል፤ የሌላው ሰው ቆዳ የሚመጣው እንደሆነለት ነው። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት እንደጻፈችው ኮዳክን ፊልሙን እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል፤ የምርቶቻቸው ቡናማ ቀለም በማስታወቂያ ፎቶ ላይ አልለይ ስላላቸው። የሰው ፊት ካሰማው አቤቱታ ይልቅ የቸኮሌቱ ተሰማ ማለት ነው።

ግን ጥቁር ፊትን አጥርቶ ማየት ሁልጊዜ ለባለቤቱ ጥቅም የሚደረግ እንዳይመስላችሁ። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮች ይዘው እንዲዞሩ ለሚያስገድደው የይለፍ ደብተር በፖላሮይድ የመታወቂያ ካሜራ ይጠቀም ነበር። በ1970 በዚያው ኩባንያ የሚሠሩ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ካሮላይን ሀንተር እና ኬን ዊሊያምስ፣ ይህን አውቀው ተቃውሞ አስነሡ፤ ኩባንያው በ1977 ከደቡብ አፍሪካ ወጣ። ስለዚህ "ፎቶው ጥሩ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ማን ያየዋል፣ ለምን ያየዋል የሚለውም አብሮ ይጠየቃል።

ኮምፒውተሩስ?

በዲሴምበር 2016 ኒውዚላንድ ውስጥ የእስያ ዝርያ ያለው አንድ ተማሪ የፓስፖርት ፎቶውን በኢንተርኔት ሲልክ ኮምፒውተሩ "ዓይንህ ተዘግቷል" ብሎ መለሰበት። ዓይኑ ክፍት ነበር። ነገሩ በዓለም ዜና ሆነ፤ እሱም እየሳቀ ነው ያለፈው። የሚያሳየን ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ማሽኑ የሚያውቀው ያሳዩትን ዓይነት ፊት ነው።

በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒ እና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ አንድ ጥናት አወጡ። የሰውን ጾታ ከፎቶ የሚገምቱ ሦስት የገበያ ሥርዓቶችን ፈተኑ። ቆዳቸው ቀላ ያለ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር፤ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ይህ ጾታን መገመት ነው እንጂ ማንነትን ማመሳከር አይደለም። ማመሳከሩን በ2019 የፈተነው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት፣ ነው፤ 189 አልጎሪዝሞችን መረመረ። በብዙዎቹ ላይ ሁለት የተለያዩ ሰዎችን "አንድ ሰው ናቸው" ብሎ የመሳሳቱ ዕድል ለእስያና ለአፍሪካ አሜሪካውያን ፊቶች ከነጮች ጋር ሲነጻጸር እንደ አልጎሪዝሙ ከ10 እስከ 100 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ በጣም ትንሽ የሆነባቸው አልጎሪዝሞችም ነበሩ፤ ስለዚህ ችግሩ ሊስተካከል የማይችል አይደለም።

ይህ ከጉርድ ፎቶ ጋር ምን አገናኘው? የጨለመ ፎቶ ለኮምፒውተሩ የሚሰጠው መረጃ ትንሽ ነው። ቢሮ ውስጥ "ይበቃል፣ ቀጣይ" ተብላችሁ የተቀበላችሁት ጥላ ለዓመታት አብሯችሁ በየድንበሩ ይሄዳል።

እዚህ እስራኤል

ተዑዳት ዘሁት በ16 ዓመታችን እናወጣለን። ዛሬ ለመታወቂያም ለዳርኮንም ፎቶ ይዘን አንሄድም፤ ሠራተኛዋ እዚያው ቢሮ ውስጥ ታነሣናለች። የባዮሜትሪክ ሕጉ የወጣው በ2009 ነው፤ በ2013 በሙከራ ተጀመረ፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም ሆነ። በ2017 በጸደቀው ማሻሻያ መሠረት የፊታችን ምስል በመንግሥት የመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል፤ የጣት አሻራ የሚቀመጠው ግን በፈቃዳችን ነው። አሻራውን በተመለከተ ሲጠይቋችሁ የምትፈርሙት ነገር ምን እንደሆነ አንብቡ፤ ለወላጆቻችሁም አንብቡላቸው።

ፎቶው እኛን መምሰሉ ለእኛ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ከ1982 ጀምሮ ባለው ሕግ 16 ዓመት የሞላው ነዋሪ መታወቂያ መያዝና ፖሊስ ሲጠይቅ ማሳየት አለበት። መንገድ ላይ ምንም ሳያደርጉ "ተዑዳት ዘሁት" መባል ምን እንደሆነ ብዙ ወንድሞቻችን ያውቁታል። ጠበቃ የተባለው የማኅበረሰባችን የሕግ ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ ባቀረበው አቤቱታ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2021 ውሳኔ ሰጠ፤ ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰውን አስቁሞ መታወቂያ መጠየቅ አይችልም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ስትጠየቁ ካርዱ ላይ ያለው ጥላ "ይሄ አንተ ነህ?" የሚል ሁለተኛ ጥያቄ እንዳያመጣባችሁ ጥሩ ፎቶ መያዙ አይከፋም።

ወደ ቢሮ ወይም ወደ ፎቶ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

ከዚያ ቀን በኋላ ቤተሰቦቼን ይዤ ስሄድ የማደርገው ይህንን ነው።

ፎቶው ለየትኛው አገር፣ ለየትኛው ሰነድ እንደሆነ አረጋግጣለሁ፤ የዚያን ተቋም መመሪያ ከራሱ ድረ ገጽ አውርጄ ስልኬ ላይ እይዛለሁ። ፎቶ አንሺው "ደንብ ነው" ሲለኝ ስልኬን አሳየዋለሁ።

እናቶችን ቤት ሳለን ሻሹን እስከ ፀጉራቸው መነሻ ሸሸት እንዲያደርጉት እነግራቸዋለሁ። ሰው ፊት ከሚነገራቸው ከቤተሰብ ቢሰሙት ይሻላል። ጆሮ ጌጥም ሆነ ሻሽ ፊት ላይ ጥላ እንዳይጥል አያለሁ። ቅባት የተቀባ ፊት በብልጭታው ስለሚያበራ በሶፍት ጠረግ ጠረግ ይደረጋል።

ማውለቅ ከተጠየቀ በእርጋታ በዕብራይስጥ እንዲህ እላለሁ፦ "ዜ ኪሱይ ሮሽ ሚታዐሜይ ዳት፤ ሃፓኒም ግሉዮት።" ይህ ለሃይማኖት የሚደረግ ራስ መሸፈኛ ነው፤ ፊቱ ይታያል ማለት ነው። ካላመኑኝ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ "ኤይፎ ዜ ካቱቭ?" የት ተጽፏል? ያለ ቁጣ፣ ያለ ጩኸት። ብዙ ጊዜ ይበቃል። አሁንም ፀጉር መታየት አለበት ካሉ፣ ሴት እንድታነሣቸውና ሌላ ሰው በሌለበት ክፍል እንዲሆን እጠይቃለሁ፤ ኃላፊም እንዲጠራልኝ።

ፎቶው እንደተነሣ ስክሪኑን እንዲያሳዩኝ እጠይቃለሁ። ከጨለመ "እባክህ ብርሃኑን በፊቱ ላይ መጥነው" እላለሁ። ሁለተኛ ማንሣት ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ሰነዱ ግን ለዓመታት ነው።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ የሚከብደኝ ይኼኛው ነው፤ ከመተርጎሜ በፊት አስባለሁ። ሁለት ቋንቋ ስለምንችል ብቻ የሰማነውን ሁሉ ወዲያው ማስተላለፍ የለብንም። መሀል ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አያቶቻችን አይጠይቁም፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ባለሥልጣን ያዘዘውን እየፈጸሙ ነው የመጡት። አያቴ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ሲመጡ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎባቸው ነበር። ያን ጊዜም ለምን ብለው አልጠየቁም። ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ማጓጓዝ ነበረና ጥድፊያ ነበር፤ እሳቸውም ደስታ ላይ ስለነበሩ ቁጥሩ አላስከፋቸውም። ፎቶ ቤት ውስጥ ግን ጥድፊያ አልነበረም።

በሳምንቱ አያቴን ወደ ሌላ ፎቶ ቤት ወሰድኳቸው። መመሪያው ስልኬ ላይ ነበር፤ ግን አላስፈለገም። ፎቶ አንሺዋ ሻሹን ራሷ በጣቷ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አድርጋ ሁለት ጊዜ አነሣቻቸው፤ የመጀመሪያው ጨልሞ ስለነበር። አያቴ ፎቶውን አገላብጠው አይተው "ደህና ነው" አሉ። ከመጀመሪያው ፎቶ ቤት የተረፉትን አራት ጉርድ ፎቶዎች ከቦርሳዬ እንዳወጣላቸው ጠየቁኝና አንድ በአንድ ቀደዷቸው። ቪዛው ወጣ፤ ጎንደርም ሄዱ፤ የእህታቸውንም መቃብር አይተው ተመለሱ።